ራስን ስለ መግለጽና ገመናን ስለ መጠበቅ

(በትምህርት ቤታችን የኢዮቤልዩ በዓል ሳምንት መክፈቻ ላይ በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በተከበረ ጉባኤ ፊት ቆሜ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ታላቅ ነው። ደስታዬ ታላቅ ይሁን እንጂ ፍርሃቴም ከዚያ አያንስም፤ ምክንያቱም ዛሬ የምናገርበት ነገር እኔ ራሴ የተሳሳትሁበት ነገር ስለ ሆነ፥ እናቴም ከፊት በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣ ስለምትሰማኝ ነው።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ወረቀት ነው። የዘንድሮው የበዓል መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ፥ እኔም ከአባሎቹ አንዷ ነኝ፥ ለእያንዳንዱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ወረቀት አድሏል። በወረቀቱ ላይ ፎቶግራፍ የሚለጠፍበት አራት ማዕዘን ቦታ አለ፤ ከሥሩም «ማን ነህ? ማን ነሽ? በአምስት መስመር ግለጽ፥ ግለጪ» የሚል ቃል ተጽፏል። ከቤተ መጻሕፍታችን ቁም ሣጥን የወጡትን የቀድሞዎቹን መጽሔቶች ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ታላላቆቻችንም ጠጉራቸውን አበጥረው፥ የሸሚዛቸውን አንገት ቆልፈው የተነሡትን ሥዕል አስለጥፈው፥ «ሐኪም ለመሆን አስባለሁ፤ የምወደው ጨዋታ የመረብ ኳስ ነው» የሚል ቃል ጽፈው አልፈዋል። ልዩነቱ ወዲህ ነው። የእነርሱ መጽሔት ጥቂት መቶ ቅጂ ታትሞ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ገባ። የእኛው ግን ከታተመ በኋላ በቴሌግራም እንዲሠራጭ ታስቧል። እንግዲህ አምስቱን መስመር የሚያነብበው የክፍል ጓደኛችን ይሁን፥ የጎረቤት ልጅ ይሁን፥ ወይስ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሥራ የምንለምነው ሰው ይሁን ማን ያውቃል?

በኮሚቴው ውስጥ ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን «ሰው እውነተኛ ማንነቱን ካልገለጸ መጻፉ ምን ይረባል? ሁላችንም ‹ታታሪ ተማሪ ነኝ› ብለን ልንጽፍ ነውን?» ሲል፥ ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ስምና ፎቶግራፍ ይበቃል፤ የቀረው ገመና ነው» አለ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ከሁለተኛው ወገን ተሰልፌ በጣም ጮኼ ነበር። ለምን እንደ ጮኽሁ ዛሬ ልንገራችሁ።

በ10ኛ ክፍል ሳለሁ የራሴ የቴሌግራም ቻናል ነበረኝ። ተከታዮቼ 640 ያህል ሲሆኑ ብዙዎቹ የዚሁ ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ፤ የቀሩትን አላውቃቸውም። የእናቶች ቀን ሲደርስ፥ እንደምታውቁት፥ ሰው ሁሉ የእናቱን ሥዕል ከጽጌረዳ አበባ ጋር ያወጣል፤ ቃሉንም አንዱ ከሌላው ይገለብጣል። እናቱ ቴሌግራም ምን እንደ ሆነ የማታውቅ እንኳ «እማዬ ይህን ስታነቢ» ብሎ ይጀምራል። እኔ ይህን ጠላሁት። እኔስ እውነቱን እጽፋለሁ ብዬ ተነሣሁ።

እውነቱም ይህ ነበር። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሁለት ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ከሌሊቱ በ9 ሰዓት ትነሣለች። መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ምጣድ፥ መብራት ሲጠፋ በማገዶ ትጋግራለች፤ በማገዶ በጋገረችበት ቀን ዓይኗ ቀልቶ ይውላል። የትምህርት ቤት ክፍያዬ የሚወጣው ከዚያ ምጣድ ነው። ይህን ሁሉ ጻፍሁ። ሌላም አንድ ነገር ጨመርሁበት፤ ስለ እርሱ በኋላ እናገራለሁ። ከጽሑፉም ጋር፥ መብራት በጠፋበት በአንድ ሌሊት እናቴ ነጠላዋን በወገቧ አሥራ አክንባሎውን ስታነሣ፥ ጭሱ ፊቷን በከፊል ሸፍኖት ሳለ፥ ሳታየኝ ያነሣሁትን ሥዕል አወጣሁ።

በሁለት ቀን ውስጥ ጽሑፉን ከ20,000 በላይ ሰው አየው። የማላውቃቸው ሰዎች «ጀግና እናት» እያሉ ጻፉልኝ። «የባንክ ሒሳብ ቁጥር አስቀምጪ» ያሉም ነበሩ። ልቤ በኵራት ተሞላ፤ እናቴን ከሁሉ ይልቅ ያከበርኋት እኔ ነኝ ብዬ አሰብሁ።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ከእድር ተመለሰች። በእድሩ አንዲት ሴት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት 100 ብር በእጇ አስጨብጠው «አይዞሽ፥ ሁሉን አንብቤአለሁ» ብለዋት ነበር። ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም፤ ስለ ርኅራኄአቸው እግዚአብሔር ይስጣቸው። እናቴ ብሩን ጠረጴዛ ላይ አኑራ ወደ ጓዳ ገባች። በዚያ ቀንም በማግሥቱም ስለ ነገሩ አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ ግን ሊጥ እያቦካች ሳለ፥ ፊቷን ወደ እኔ ሳትመልስ፥ እንዲህ አለችኝ፤

«የጻፍሽው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ውሸት የለበትም። እኔ ግን ለማንም አልተናገርሁም ነበር።»

ክቡራን ሆይ፥ በሐሰት መመስከር ኃጢአት መሆኑን በዚህ ትምህርት ቤት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተምሬአለሁ። በእውነት መመስከርም የሰውን ገንዘብ ሊሰርቅ እንደሚችል ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላሰብሁም ነበር።

ጽሑፉን ወዲያው አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ሆነ። ሌሎች ቻናሎች ወስደውታል፤ አንዱም ሥዕሉን ከሐዘን ዜማ ጋር አቀናብሮ፥ እናቴን በማላውቀው ስም ጠርቶ፥ በቲክቶክ አሳይቶት አገኘሁ። እንዲያነሣው ብለምነው «ሕዝብን የሚያስተምር ነገር ነውና አይነሣም» ብሎ መለሰልኝ። ያን ጊዜ ነው አንድ መምህራችን የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያሳዩኝ። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይታይ፥ እንዳይባዛ፥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። በአንቀጽ 28 ደግሞ የታወቀ ሰው ሲሆን ወይም በአደባባይ የተደረገ ነገር ሲሆን ለይቶ ያወጣል፤ እናቴ ግን የታወቀች ሰው አይደለችም፥ ጓዳችንም አደባባይ አይደለም። አንቀጹን ጽፌ ብልክለት ያ ሰው ከዘጠኝ ቀን በኋላ አነሣው። ሌሎቹ ቀርተዋል።

እኔን ግን ያስደነገጠኝ የዚያ ሰው ነገር አይደለም። አንቀጽ 27ን ሳነብ በመጀመሪያ የተከሰስሁት እኔው ነበርሁ። ፈቃድ ያልጠየቅሁ የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ።

ከዚህ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ራሴም ሆነ ስለ ቤቴ ምንም አላወጣሁም። የማወጣው የፀሐይ መውጫ፥ የመስቀል አበባ፥ የዝናብ ጠብታ በመስኮት ላይ ብቻ ሆነ። አንዲት ጓደኛዬ «ቻናልሽ በግድግዳ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ መሰለኝ» ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋ ትክክል ነበር። በዚያው ዓመት ብዙ ጭንቀት ነበረብኝ፤ የፀሐይ መውጫዬን ያየ ሰው ግን ደስተኛ ልጅ መሰልሁት። ውሸት አልጻፍሁም፤ ነገር ግን 640 ሰው ስለ እኔ ውሸት ያምን ነበር።

ስለዚህ ዝም ማለት ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ አውቄአለሁ። ስለዚህ ነገር ከእኔ ይልቅ የሚናገረው የአክስቴ ልጅ ነው። እርሱ የወሰደው የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ነበር። ያ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ፤ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡትም ከመቶ ተፈታኞች ወደ ሦስት የሚሆኑት ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ወደቁ ማለት ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ብቻውን የወደቀ መሰለው። የአክስቴ ልጅ ለሁለት ወር ከቤት አልወጣም። ስልኩን ሲከፍት የሚያየው ያለፉትን ነበር፤ እነርሱ ሥዕላቸውን ያወጣሉ፥ የወደቁት ዝም ይላሉ፤ ስለዚህ ከአገሩ ሁሉ የወደቀው እርሱ ብቻ ሆነበት። በመጨረሻ አንድ ማታ በገጹ ላይ «አላለፍሁም። ከቤት መውጣት አፍሬአለሁ። ነገ ግን እወጣለሁ» ብሎ ጻፈ። እስኪነጋ ድረስ ከአብሮ አደጎቹና ከክፍል ጓደኞቹ 40 ያህሉ «እኔም» ብለው መለሱለት። ከመካከላቸው አንዱ ወደዚያች ሌሊት ምን አስቦ እንደ ነበረ ለብቻው ነግሮታል፤ እርሱም አልነገረኝም፥ እኔም አልጠየቅሁም።

የአክስቴ ልጅ ያደረገውን ከእኔው ሥራ ጋር አስተያዩት። እርሱ የገለጸው የገዛ ራሱን ውድቀት ነው፤ እኔ የገለጽሁት የእናቴን ድካም ነው። እርሱ እፍረቱን ከፍሎበታል፤ እኔ ምስጋናውን ተቀብዬበታለሁ። ደግሞም ሁሉን አልተናገረም። ስንት እንዳመጣ አልጻፈም፤ እስከ ዛሬም ውጤቱን አላውቀውም። ቢሆንም ከዚያ ጽሑፍ የበለጠ እውነተኛ ነገር በኢንተርኔት ላይ አላነበብሁም።

አንዳንድ ሰዎች እውነተኛ መሆን ማለት በሁሉ ቦታ አንድ ዓይነት ሆኖ መታየት ይመስላቸዋል። የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ፥ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ አንድ መጽሐፍ ላይ እንደ ተዘገበው፥ ሰው ሁለት ማንነት ይዞ መኖሩ የቅንነት ጉድለት ምልክት ነው የሚል አሳብ ሰጥቷል። በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ይህን ቃል ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ግብዝነትን የሚጠላ ቃል ይመስላልና። እስቲ ግን ወደ ቤታችን አምጥተን እንየው። እናቴ ለእኔ «እማዬ» ናት። ለጎረቤት ልጆች «እትዬ» ናት። ለአብሮ አደጓ «አንቺ» ናት፤ እንጀራ ለምታስረክባቸው ሰዎች ደግሞ «እርስዎ» ናት። ከአብሮ አደጓ ጋር ስትስቅ የሰማኋትን ሣቅ በምግብ ቤቱ ደጃፍ ሰምቼው አላውቅም። ታዲያ አራት ፊት ያላት ሴት ናትን? ቋንቋችን ራሱ ለአንድ ሰው «አንተ»፥ «አንቺ»፥ «እርስዎ» የሚል የተለያየ በር ሠርቶለታል፤ ሁሉም በር ወደ አንድ ቤት ያስገባል፥ ነገር ግን አንዱ በር ሳሎን፥ አንዱም ጓዳ ያደርሳል። በኢንተርኔት ላይ ይህ ሁሉ በር ተነቅሎ አክስት፥ መምህር፥ የክፍል ጓደኛና መንገደኛ በአንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሆኖ ስለ ራስ መናገር ሠርገኛውም ለቀስተኛውም በተቀመጠበት አንድ ዘፈን እንደ መምረጥ ነው። ሁሉን የሚያስደስት ዘፈን የለም፤ ስለዚህ ነው ብዙዎቻችን የፀሐይ መውጫ የምናወጣው።

ከዚህም በላይ በአገራችን እጅግ እውነተኛ የሆነው ነገር የተሰወረ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ አንድ የቆየ ልማድ አለ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ ከሚጠሩበት ስም ሌላ የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል። ሰው ሲቈርብም፥ ሲሞት ፍትሐት ሲደረግለትም የሚጠራው በዚያ ስም ነው። ከቀድሞ ሰዎች ብዙዎቹ ግን ይህን ስም ለማንም አይናገሩትም ነበር፤ ጠላት ቢያውቀው ክፉ ይሠራበታል ብለው ይፈሩ ነበርና። እኔ የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ ይህ ፍርሃት የለብኝም። ሆኖም አያቴን «የክርስትና ስምዎ ማን ነው?» ብዬ በጠየቅሁ ጊዜ በጆሮዬ ሹክ ብለው ሲነግሩኝ፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሌሎቹ የልጅ ልጆቻቸው ይልቅ ወደ እርሳቸው የቀረብሁ መሰለኝ። ሁሉ የሚያውቀው ስም ቢሆን ኖሮ ምን ይሰጡኝ ነበር? ሰው የሚሸሽገው ነገር ከሌለው ለወዳጁ የሚያካፍለውም የለውም።

እንግዲህ ያለፈው ዘመን ሁሉ ቅን ነበር፥ የዛሬው ግን አስመሳይ ነው እንዳትሉኝ፤ አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የወንድ አያቴ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። በፎቶ ቤት የተነሡት ነው። ከኋላቸው ሐይቅና ዘንባባ የተሣለበት ጨርቅ አለ፤ እርሳቸውም የስልክ እጀታ በጆሯቸው ይዘው በዝምታ ያዳምጣሉ። ስልኩ ከምንም አልተያያዘም። ኮቱም የፎቶ ቤቱ ነበር ይባላል። በመኖሪያ ቤታቸው ስልክ የገባው እርሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። ዛሬ በሰው መኪና ተደግፎ የሚነሣውን ወጣት ስታዩ ያን ስልክ አስቡ። ልዩነቱ፥ የአያቴን ሥዕል የሚያዩት ስልክ እንደሌላቸው የሚያውቁ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ምኞት እንጂ ማታለል አልነበረም።

ስለ ገመና የሚደረገውም ክርክር ትናንት የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 ኮዳክ የተባለው በእጅ የሚያዝ ካሜራ ለገበያ ቀረበ፤ ከዚያ በፊት ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ተዘጋጅቶ ይቀመጥ ነበር፥ ከዚያ በኋላ ግን ሳያውቀው ሊነሣ ቻለ። ሁለት ዓመት ቈይቶ፥ በ1890፥ ሳሙኤል ዋረንና ሉዊስ ብራንዳይስ የተባሉ አሜሪካውያን የሕግ ሰዎች በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ስለ ገመና መብት የታወቀውን ጽሑፋቸውን አወጡ። ካሜራና ጋዜጣ የቤትን ደፍ አልፈው ገብተዋልና ሕግ ሊጠብቀን ይገባል የሚል ነበር። በእኛም አገር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው ቤት፥ ደብዳቤና የስልክ ንግግር እንዳይደፈር ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶ፥ ሰው ስለ እርሱ የተያዘውን መረጃ ለማወቅ፥ የተሳሳተውን ለማሳረም፥ ለማሰረዝም መብት ሰጥቶታል። ሕግ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን የሚከስስ ሰው ሲኖር ነው፤ እናቴ ልጇን አትከስስም።

ወላጆች በተለይ ልብ እንዲሉት ስለምፈልግ፥ ሳንናገር ስለምንናገረው ነገር ጥቂት ልጨምር። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ፥ የካሜራው የቦታ ምልክት ተከፍቶ እንደ ሆነ፥ የተነሣበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ይቀመጣል። ፌስቡክና ብዙዎቹ መሰሎቹ ሥዕሉ ለሕዝብ ሲወጣ ይህን ከተመልካች ያስቀሩታል፤ በቴሌግራም ግን ሥዕሉ እንደ ፋይል ከተላከ ምልክቱ አብሮ ይሄዳል። ይህም ባይኖር ደረታችን ላይ ያለው የትምህርት ቤቱ አርማ፥ ከኋላችን የሚታየው ሱቅ፥ በየቀኑ በአንድ ሰዓት የምናወጣው ሥዕል ማን እንደ ሆንንና የት እንደምንገኝ ይናገራል። ቴሌግራም በአቅራቢያ ያሉትን የማያውቋቸውን ሰዎች የሚያሳየውን አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2024 ዘግቶታል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ከእኛ ስንቶቻችን ከፍተነው እንደ ነበር እናውቃለን። በዚያው በቴሌግራም የስልክ ቁጥርን ማን እንዲያይ መወሰን ይቻላል፤ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ደግሞም ለአንድ ጓደኛ ብቻ የተላከ ቃል በስክሪንሾት ለመቶ ሰው ይደርሳል። ስለ ደብዳቤ የሚናገረው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 31 በምሥጢር የተላከን ደብዳቤ የተቀበለው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ እንዳይገልጠው ያዝዛል። ሕግ አውጪዎቹ በ1952 ዓ.ም. ስለ ስክሪንሾት ሊያስቡ አይችሉም ነበር፤ ስለ ጓደኛ ጠባይ ግን በሚገባ ያወቁ ይመስለኛል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ አንቀጽ 31ን ያላፈረሰ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ አላወጣም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ይህን ንግግር ከመጻፌ በፊት እናቴን ፈቃድ ጠየቅኋት። ሁለት ቀን አሰበችበት። ከዚያም «የእንጀራውን ንገሪ። የመቶ ብሩንም ንገሪ። ያኛውን ግን ተዪው» አለችኝ። ያኛው፥ ቀደም ብዬ በኋላ እናገራለሁ ያልኋችሁ ሦስተኛው ነገር ነው። ስለዚህ አልነግራችሁም። ከእናንተ መካከል ያን ጊዜ ያነበበው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እርሱንም በዚህ አጋጣሚ ዝም እንዲልልን እለምናለሁ።

ከዚያም ለመጽሔቱ የጻፍኋቸውን አምስት መስመሮች አነበብሁላት። እኔ ጠንቃቃ ሆኜ ስለ ሥራዋ የሚናገረውን መስመር አውጥቼው ነበር፤ በሥፍራውም «እናቴ በግል ሥራ ትተዳደራለች» ብዬ ጽፌ ነበር። ስትሰማው ተቈጣች። «በግል ሥራ ማለት ምን ማለት ነው? እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ። ሌባ ነኝን የምትሸሽጊኝ?» አለችኝ። ግራ ገባኝ። ያን ጊዜ ስለ ተናገርሁ ያዘነች ሴት አሁን ስለ ሸሸግሁ ተቈጣች። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሳስበው ቈይቼ ነው የገባኝ። በሥራዋ አፍራ አታውቅም። ያሳዘናት ሌሊት፥ ነጠላዋን አሥራ፥ ጭስ ዓይኗን እያቃጠላት፥ ማንም አያየኝም ብላ ባለችበት ሰዓት መታየቷ ነው። ያሳዘናት የምታስረክበው እንጀራ ሳይሆን የተቀበለችው 100 ብር ነው። እኔ ገመናንና እፍረትን አንድ አድርጌ ስለ ያዝሁ ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ፤ አንድ ጊዜ በመግለጥ፥ አንድ ጊዜ በመሸሸግ።

ስለዚህ በሦስተኛው መስመር «እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች» የሚል ቃል በእርሷ ፈቃድ ገብቷል። ሥዕሏ ግን የለበትም። ሥዕል ካስፈለገ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፥ ጠጉሯን ተሠርታ፥ ፎቶ ቤት ሄዳ እንደምትነሣ ነግራኛለች።

በኮሚቴውም ክርክሩ እንዲህ አልቋል። የሚታተመው መጽሔት አምስቱንም መስመር ይይዛል፤ በቴሌግራም የሚሠራጨው ግን ስምንና፥ ባለቤቱ ከፈቀደ፥ ፎቶግራፍን ብቻ ይይዛል። ለሙሉው ስምምነት አልደረስንም፤ ከአባሎቻችን ሁለቱ እስከ ዛሬ ድረስ «ፈሪዎች ናችሁ» ይሉናል፥ ምናልባትም ትንሽ እውነት አላቸው። ቢሆንም አንድ ነገር በአንድ ድምፅ ወስነናል። በአምስቱ መስመር ውስጥ ስለ ሌላ ሰው፥ ስለ እናት፥ ስለ አባት፥ ስለ ወንድም ወይም ስለ ጓደኛ የጻፈ ሁሉ ለዚያ ሰው አንብቦለት ይምጣ።

ወረቀቶቹ እስከ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ በየክፍሉ ተደርድረው ይቈያሉ። መስመር ለመሰረዝ ወይም የሰረዘውን ለመመለስ የሚፈልግ ተማሪ ይምጣ፤ እርሳሱና ላጲሱ ከመዝገቡ ጋር በክር ታስረው ተቀምጠዋል። የእኔው ወረቀት ከላይ በኩል ነው፤ አራተኛው መስመር ገና ባዶ ነው።